ከኩል እስከ ኮንሲለር፦ የዓይን ሥር ረጅም ታሪክ

በዳላስና በአካባቢው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተደገሱ የሐበሻ ሠርጎችን አልበም ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሙሽራዋ ጠይም ናት፤ አንገቷም ክንዷም ጠይም ነው። ከዓይኗ ሥር ግን ግራና ቀኝ አመዳም ግማሽ ጨረቃ ተቀምጧል። ሚዜዎቿም ያው ናቸው። እናቶች «ፎቶ አንሺው ነው ያበላሸው» ይላሉ፤ ሴቶች ልጆቻቸው ደግሞ «ያኔ ሜካፕ አታውቁበትም ነበር» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ፎቶ አንሺውም ቀቢዋም ከመድረሳቸው በፊት ጥፋቱ ብልቃጡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ኮንሲለር የሚባለው የዓይን ሥር መሸፈኛ ለገበያ ከወጣ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ሲቀመም የእኛ ዓይነት ቆዳ በቀማሚዎቹ ሐሳብ ውስጥ እምብዛም አልነበረም። ዛሬ በየስልኩ የሚሰጠው «ከፊትሽ ሁለት ደረጃ የፈካውን ምረጪ፣ ደህና አድርገሽ ቀቢው» የሚል ምክርም የዚያው ቅመማ ውላጅ ነው። ስለዚህ ስለ አቀባቡ ከማውራት በፊት ወደ ኋላ፣ በጣም ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ከዚያ የወጣውን ቅሪት ያጠኑ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ያህል ብረት አዘል አፈር አግኝተዋል፤ አብሮትም የተፈጨበት ድንጋይ ወጥቷል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ደቃቁ ዱቄት ለገላ ወይም ለጌጥ ቅብ ውሎ ሊሆን እንደሚችልም ይገምታሉ። ዛሬ ለኮንሲለር ቀለሙን የሚሰጠው ይኸው ማዕድን፣ አይረን ኦክሳይድ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ እየተመጠነ ይቀላቀላል። የአሜሪካ ሕግ ለመዋቢያ የሚፈቅደው ግን በፋብሪካ የተዘጋጀውን ብቻ ነው፤ ከመሬት የተቆፈረው እርሳስና አርሴኒክ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። የሐመር ሴቶች ዛሬም ቀይ አፈሩን ከቅቤ ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን ይሠሩበታል። ስብና የብረት ቀለም ማለት ነው፤ የአንድ ክሬም ኮንሲለር ቅመምም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ ዓይን ደግሞ የጽሑፍ ማስረጃ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብጽ ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት ምድር መርከቦች ልካ ነበር። ጉዞው በተቀረጸበት በደይር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከፑንት የተጫነው ዕቃ ተዘርዝሯል፤ በዕጣኑና በዝንጀሮው መካከል የዓይን ኩል አለበት። ብዙዎቹ አጥኚዎች ፑንትን በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፣ በዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አካባቢ ያስቀምጧታል። እንግዲህ ቡና ከመላኩ ከሺህ ዓመታት በፊት ከእኛ አካባቢ ወደ ውጭ ከተጫኑት ሸቀጦች አንዱ የዓይን መዋቢያ ነበር።

ውግዘቱም የዚያኑ ያህል ጥንታዊ ነው። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ በቆየልን በመጽሐፈ ሄኖክ 8ኛ ምዕራፍ፣ የወደቀው መልአክ አዛዝኤል ለሰው ልጆች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ሲያስተምር፣ በዚያው ዝርዝር መኳልንና የዓይን ቆብ ማሳመርን አብሮ አስተምሯል። በመጽሐፈ ነገሥት ደግሞ ኤልዛቤል ኢዩ ሲመጣባት ዓይኗን ተኩላ በመስኮት ብቅ ትላለች። ካህናቱ ይህን መቅደስ ውስጥ ሲያነቡ፣ ሴቶቹ ተኩለው ቅጥሩ ውስጥ ሲያስቀድሱ ዘመናት አለፉ። ማንም ኩሉን አላስጣላቸውም።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ጋሊና የሚባለው የሚያብለጨልጭ የእርሳስ ማዕድን ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በብልቃጥ ይቀመጣል፤ መኳያው ይነከርና ዓይን ከደን ተደርጎ በሽፋሽፍቱ መካከል ይሳባል። ለፀሐይና ለዓይን ሕመም ይበጃል እየተባለ ለሕፃንም ይደረግ ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ኩል ምንም እንደማይሸፍን ነው። ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት እንዳለ ትቶ፣ ከጎኑ ከእርሱ የባሰ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ያኔ የዓይኑ ብሌን ዙሪያ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ቡናማ ጥላም ከጥቁሩ ጋር ሲተያይ ይደበዝዛል። በፓሪስ የጎብለን የሥጋጃ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ጎረቤት ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንዴት እንደሚለውጡ በ1839 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። መኳያ የያዘች ሴት ያንኑ ከእርሱ በፊት በእጇ ታውቀው ነበር። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩን መላእክት ዓይናቸው ያን ያህል ጎልቶ የሚታየው፣ ሠዓሊው የጠራውን ነጭ በጠቆረ መስመር ስለከበበው ነው።

የቀረው የጓዳ ውበትም ከመሸፈን ጋር ጉዳይ አልነበረውም። እንሶስላ እጅና እግርን ያቀላል፤ ወይባ ጢስ ገላን ያወዛል፤ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል። የዓይን ሥር ጥቁረት ራሱን ችሎ የመልክ ጉድለት ሆኖ የተነሣበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። «ዓይንሽ ምነው ጎደጎደ ልጄ?» የምትል እናት የምትጠይቀው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ ሐዘን ነው፤ መድኃኒቱም አጥሚትና ዕረፍት ነበር። ጥያቄውን ከጤና ወደ መልክ ያዞረው ካሜራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ፊልሞች ኦርቶክሮማቲክ ይባሉ ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይይዛሉ፤ ቀይ ግን ለእነርሱ ጨለማ ነው። በነጭ ተዋናይት ፊት ላይ ያለ ቅላት ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል፤ ደም ሥሩ ከቆዳው ሥር ቅርብ የሆነበት የዓይን ግርጌ ደግሞ ጉድጓድ ይመስላል። ይህን ችግር እንጀራው ያደረገው ማክስ ፋክተር ነው። በፖላንድ የተወለደ፣ በሩሲያ ለቲያትር ቤቶች ሰው ሠራሽ ፀጉርና ቅባት ሲሠራ የቆየ፣ በ1904 አሜሪካ የገባ፣ በኋላም ሎስ አንጀለስ የሰፈረ አይሁዳዊ ነበር። የመድረኩ ቅባት ወፍራም ስለሆነ ተዋናይዋ ፈገግ ስትል ይሰነጠቅ ነበር፤ ፋክተር በ1914 ለፊልም የሚሆን ስስ ቅባት ሠራ። ሁሉንም ቀለም የሚይዘው ፓንክሮማቲክ ፊልም ሲመጣ በ1928 ሌላ አወጣ። ባለቀለም ፊልም ሲከተል ደግሞ በ1937 ፓን ኬክ የተባለው የፊት ቅብ ተወለደ፤ ተዋናዮቹ ከስቱዲዮ እየደበቁ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ነበር ይባላል። እርሱ በ1938 ሞተ። ኩባንያው በ1954 ኢሬስ የተባለ፣ እንደ ሊፕስቲክ ከቀፎው የሚገፋ ቅባት ለገበያ አቀረበ። ለዓይን ሥርና ለጉድፍ ተብሎ በሰፊው የተሸጠ የመጀመሪያው ኮንሲለር ተደርጎ የሚቆጠረው እርሱ ነው።

ከሆሊውዱ ታሪክ ይልቅ እኔ የምወደው ሌላ አለ። ሊዲያ ኦሊሪ የምትባል አሜሪካዊት ፊቷ ላይ ሰፊ ቀይ ምልክት ይዛ ተወለደች፤ እኛ ማርያም የሳመቻት የምንለው ዓይነት። ሥራ ስትፈልግ ፊቷ እየታየ ተገፋች። ምልክቱን የሚሸፍን ከቨርማርክ የተባለ ቅባት ሠርታ በ1932 የፈጠራ መብት አገኘችበት። ከኢሬስ ሃያ ዓመት ይቀድማል፤ የተሠራውም አንዲት ሴት ሠርታ እንድትበላ ነው። የዓይን ሥር መሸፈኛን ከንቱነት ብቻ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ይህችን ሴት አስታውሳቸዋለሁ።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንግባ። የመሸፈን ኃይል የሚመጣው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፋብሪካ የተመረተ፣ ብርሃንን እጅግ የሚበትን ነጭ ዱቄት። የቤት ግድግዳ የሚቀባበትን ነጭ ቀለም ነጭ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ነጭ ቆዳን ለመሸፈን በዚህ ዱቄት ላይ ጥቂት ቢጫና ቀይ መጨመር ይበቃል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ሲሆን ቀማሚው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ነጩን ቀንሶ ቀዩንና ቢጫውን አብዝቶ ከመጀመሪያው መቀመም ነው፤ ይህ ድካምም ወጪም አለው። ሌላው ባለው ነጭ ላይ ጥቁር ጣል ማድረግ ነው። ነጭና ጥቁር ተደባልቀው ምን እንደሚወጣቸው ሕፃንም ያውቃል።

በዚህ ላይ ብርሃን የራሱን ተንኮል ይጨምራል። የጎጆ ጭስ ከጥቁር ደን ፊት ለፊት ሲታይ ሰማያዊ ይመስላል፤ ብርሃን የሚበትን ስስ ነገር ከኋላው ጨለማ ሲኖር ሰማያዊውን አብዝቶ ወደ ዓይናችን ይመልሳልና። የፈካ ኮንሲለርም በጠቆረ የዓይን ሥር ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀቢዋ ግራጫውን ታይና ትጨምራለች፤ ስትጨምር ይወፍራል፤ ሲወፍር ይሰነጠቃል። የአልበሞቹ ግማሽ ጨረቃ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው።

ቀማሚዎቹ አያውቁም ነበር እንዳይባል ያውቁ ነበር። በ1940ዎቹ የፊልም ስቱዲዮው ኤምጂኤም ዘፋኟንና ተዋናይቷን ሊና ሆርንን ሲቀጥር፣ የማክስ ፋክተር ኩባንያ «ላይት ኢጅፕሺያን» የተባለ ቀለም ለእርሷ ቀመመ። ቀለሙ ብዙ ሳይቆይ ነጭ ተዋናዮችን ጠይም አስመስሎ ለማጫወት ዋለ። ሚናውም ቀለሙም ከእጇ ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከናይሮቢ ወደ ኒውዮርክ የሄደችው ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ ቀቢው ፋውንዴሽን የሚባለውን የፊት ቅባት የራሷን ይዛ መጥታ እንደሆነ ጠየቃት። አልያዘችም። ያለውን ቀባባትና መስታወት ስታይ ፊቷ ግራጫ ነበር፤ ይህን ራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች። ከዚያ በኋላ የራሷን እየቀላቀለች መያዝ ጀመረች፤ በ1994ም በስሟ የሚጠራ ኩባንያ አቋቋመች። ከእርሷ በፊት ፍሎሪ ሮበርትስ በ1965፣ የኤቦኒ መጽሔት ባለቤቶች ያቋቋሙት ፋሽን ፌር በ1973 ለጥቁር ሴቶች መቀመም ጀምረው ነበር። ነገር ግን ጥቁር ሴቶች ከሚበዙበት ከተማ ውጭ ያለች ሴት የት ታገኛቸዋለች?

ዳላስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ምዕራፍ አላት። ሜሪ ኬይ አሽ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1963 አንዲት ትንሽ ሱቅ የከፈተችው እዚያ ነው፤ መነሻዋ 5,000 ዶላር ቁጠባ፣ አጋዧ የ20 ዓመት ልጇ ሪቻርድ ሮጀርስ። ለንግዱ አብሯት የተዘጋጀው ባሏ ሱቁ ሊከፈት አንድ ወር ሲቀረው ሞቶባታል። የክሬሞቹን ቅመም የገዛችው ቆዳ ያለፋ ከነበረ ሰው ልጅ ነው፤ ሰውየው የእንስሳ ቆዳ ሲያለፋ የገዛ እጁ ቆዳ መለስለሱን አይቶ ነው ነገሩን የጀመረው። ብልህነቷ ግን ከቅመሙ ይልቅ አሻሻጧ ላይ ነበር። ሻጯ ሴት አምስት ስድስት ሴቶችን አንድ ሳሎን ሰብስባ፣ በገዛ ፊታቸው ላይ እንዲሞክሩ አድርጋ ትሸጥላቸዋለች። ከ1969 ጀምሮ ብዙ ለሸጡት ሮዝ ካዲላክ ትሸልም ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬም በዳላስ ጎረቤት በአዲሰን ነው።

ይህ አሻሻጥ የተመቸው እንደ ዋይሊ ላሉ ቦታዎች ነው። ዋይሊ ከዳላስ ሰሜን ምሥራቅ፣ በላቨን ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በ1886 ባቡር ሐዲድ ሲደርስላት ተቆረቆረች፣ በ1887 ከተማ ሆነች። በጥቁር አፈሯ ጥጥ ይዘራባት ነበር። ሜሪ ኬይ ሱቋን በከፈተችበት ዘመን የዋይሊ ሕዝብ ከ2 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ትልቅ የመዋቢያ መደብር የሚያይባት ምንም ምክንያት የለም። ሴቶቿ ዱቄትና ክሬም የሚማሩት እርስ በርስ ነበር። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ ከ57 ሺህ አልፏል። ከጨመሩት መካከል የእኛ ሰዎች አሉ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ መጀመሪያ ዳላስ አመጣቸው፤ ከ1995 ጀምሮ ዲቪ ሌሎችን አከለ፤ የዳላስ ጎረቤት ጋርላንድ ሞላች፤ ከዚያ የልጆች ትምህርት ቤትና የቤት ዋጋ እየሳበ ወደ ሪቻርድሰን፣ ሳክሲና ዋይሊ ወሰዳቸው። ኩሉን በሻንጣ ይዘው መጡ፤ ኮንሲለሩን ደግሞ እዚህ ካለው መደርደሪያ አነሡ። መደርደሪያው ላይ ያለው ከላይ እንደ ነገርኳችሁ ነበር።

ለውጡ ሲመጣ አንዷ ፊት የአዲስ አበባ ልጅ ሆነች። በ2003 ሞዴሏ ሊያ ከበደ የኤስቴ ላውደር መለያ ፊት ሆና ተመረጠች፤ በ1946 የተቋቋመው ኩባንያ ይህን ቦታ ለጥቁር ሴት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያን ጊዜ የተደሰቱት ለስሟ ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ለእርሷ ፊት የሚሆን ቀለም መደርደሪያው ላይ መቀመጥ ግድ መሆኑ ይመስለኛል። በሴፕቴምበር 2017 የዘፋኟ ሪሃና ኩባንያ ፌንቲ ቢዩቲ በአንድ ቀን 40 ዓይነት ፋውንዴሽን ይዞ ሲወጣ ሌሎቹም ተሯሯጡ፤ በ2019 ደግሞ 50 ዓይነት ኮንሲለር አስከተለ። ዛሬ በዋይሊ ኤፍኤም 544 መንገድ ዳር ካሉ መደብሮች አንዱ የገባች ሴት ከቀይ ዳማ እስከ ጥቁር የሚሆናትን በአሥር ዶላር ታገኛለች። ቀለሙ ተገኘ። ምክሩ ግን ከቀለሙ ጋር አልታደሰም።

እንግዲህ ወደ አቀባቡ እንምጣ። መጀመሪያ ጥቁረቱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የዓይን ቆብና የዓይን ሥር ቆዳ በገላችን ላይ ካለው ሁሉ የሳሳ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነበት ቦታ አለ። ጠዋት ፊትን ታጥቦ መስኮት አጠገብ መቆም፣ ከዓይን ሥር ያለውን ቆዳ በጣት ቀስ አድርጎ መሳብ። ቡናማው ከቆዳው ጋር አብሮ ከሄደና መልኩን ካልለወጠ የቆዳው ቀለም ነው፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ከእናት ከአባት የሚወረስ ነው፣ ዕንቅልፍ አያጠፋውም። ሲሳብ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊነቱ ከባሰ ደም ሥሩ ነው የሚታየው። አምፖል ፊት ለፊት ሲበራ ከጠፋ ደግሞ ቀለም የለም፤ ጎድጓዳው የጣለው ጥላ ብቻ ነው። አራተኛው እብጠት ነው፤ ጠዋት ይብሳል፣ ጨው ያባብሰዋል። ሰሜን ቴክሳስ ውስጥ ለዚህኛው የተለየ ምክንያት አለ፤ በፈረንጆቹ መከር የራግዊድ አረም፣ በፈረንጆቹ ክረምት የሴዳር ዛፍ የአበባ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል፣ ዓይን ያሳክካል፣ ሰው ያሻል። መታሸቱ ራሱ ቆዳውን ያጠቁረዋል። እንዲህ ላለችው ሴት ከኮንሲለር በፊት የአለርጂ መድኃኒት ይጠቅማታል።

ለቡናማውም ለሰማያዊውም ሥራውን የሚሠራው ኮሬክተር የሚባለው ብርቱካናማ ቅባት ነው። ብርቱካናማ በሰማያዊ ላይ ሲደረብ ሰማያዊነቱን ያጠፋል። እንደዚያ ጭስ ስስ የሆነው ኮንሲለር የሚመልሰው ሰማያዊ ከሥር በተቀመጠው ብርቱካናማ ይዋጣል፤ ስለዚህ ግራጫ አይወጣም። ቀይ ለሆነች የኮክ ቀለም ያለው ፈዛዛ ይበቃታል፤ ለጠይም ደህና ብርቱካናማ፤ ለጥቁር ወደ ሸክላ ቀይ የሚጠጋ። ፈዛዛውን ኮክ ጥቁር ቆዳ ላይ መቀባት ያንኑ አመድ መልሶ ያመጣል። መጠኑ የሩዝ ፍሬ የምታህል ለሁለቱ ዓይን ነው። የሚቀባውም ጥቁረቱ ባለበት ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫ ጥግ ተነሥቶ በጎድጓዳው መስመር ወደ ታች እስከ መሐል።

ከዚህ በፊት ግን ቆዳው መጠጣት አለበት። ቀለል ያለ ውሃ አዘል ክሬም ተቀብቶ አምስት ደቂቃ ያህል መተው። ቫዝሊንና ቅቤ እዚህ ቦታ አይሆኑም፤ ላያቸው ላይ የተቀመጠ ቀለም ይንሸራተታል። ፋውንዴሽን የምትቀባ ሴት እርሱን ታስቀድም፤ ግማሹን ሥራ ይሠራላታል፣ የሚቀረውን ብቻ ትሸፍናለች።

ኮንሲለሩ ከፊት ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቢበዛ አንድ ደረጃ የፈካ። እዚህ ላይ ከብዙ ቀቢዎች ጋር እጣላለሁ። ከዓይን ሥር እስከ ጉንጭ ድረስ በፈካ ቀለም የሚሣለው ትልቅ ሦስት ማዕዘን ለስቱዲዮ መብራት የተሠራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በቀን ብርሃን፣ ፊትን ለሁለት ይከፍላል። ማፍካት በሚል ስም የሚሸጠው ብዙ ነገር በውስጡ የማቅላት ፍላጎት አለበት፤ ይህን ማየት አንወድም እንጂ እናውቀዋለን። ያው ፍላጎት ነው አንዳንዶችን ወደሚያቀላ ክሬም የሚወስዳቸው። ሃይድሮኪኖን ያለበት ክሬም ያለ ሐኪም ማዘዣ አሜሪካ ውስጥ እንዳይሸጥ ከ2020 ጀምሮ ሕግ ከልክሏል፤ ከጓሮ በር የሚመጡት አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ግማሽ ሚሊሜትር ቆዳ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

እጁ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በቀለበት ጣት፣ ወይም ርሶ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ መታ መታ። ማሸት ከሥሩ የተቀመጠውን ብርቱካናማ ያነሣዋል። ሽፋሽፍቱ ሥር ድረስ መጠጋት አያስፈልግም፤ ያ ቦታ ስለሚታጠፍ ቀለሙን ሰብስቦ መስመር ያወጣል። ከዚያ አንድ ደቂቃ መጠበቅ። ወደ ላይ እያዩ በስንጥቁ የተሰበሰበውን በባዶ ጣት ተጭኖ ማንሣት፣ ያኔ ብቻ ስስ ፓውደር በትንሽ ብሩሽ። ዱቄቱን ከምሮ ደቂቃዎች የመተው ልማድ ከመድረክ የመጣ ነው፤ ከሩቅ ለሚታይ ፊት የታሰበ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነች ሴት ብትሞክረው ጥቁረቱን ሳይሆን መጨማደዷን ነው የምትቀባው። ለጎድጓዳው ዓይነት አንዲት የፈካች ጠብታ ጥልቁ መስመር ላይ ብቻ ትረዳለች። ለእብጠቱ ግን ምንም የፈካ ነገር አይቀባበት፤ ያበጠ ነገር ሲፈካ ይበልጥ ያበጠ መስሎ ይታያል።

የዋይሊ ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሙቀቱ ብዙ ቀን 38 ዲግሪ ያልፋል፤ ከመኪና እስከ አዳራሽ ባለው መንገድ ክሬም ይቀልጣል፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ያደርቀዋል። ለዚህ ወፍራም ቅባት ሳይሆን ቀጭን ፈሳሽ፣ በሁለት ስስ ዙር፣ በመካከሉ ጥቂት ፓውደር የተደረገበት ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ዱቄት እየደራረቡ ከመዋል ላቡን በሶፍት መጠጥ አድርጎ ማንሣት ይበቃል።

ኩሉን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ በእርሳስ የተሠራ ኩል ለመዋቢያ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ከአገር ቤት የመጣ ብልቃጥ ያላችሁ ለትዝታ አስቀምጡት፤ ሕፃን ዓይን ላይ ደግሞ በፍጹም አታድርጉት፤ ተደርጎለት ከነበረ ለሐኪሙ ነግሮ የእርሳስ የደም ምርመራ ማስደረግ ነው። የኩሉ ብልሃት ግን እርሳስ አይፈልግም። ተራ ጥቁር አይላይነር በላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ቀጭን ተደርጎ ሲሰመር ያው ሥራ ይሠራል፤ የዓይኑ ነጭ ይነጣል፣ ከሥር ያለው ጥላ ይደበዝዛል፣ የሚያስፈልገው ኮንሲለርም ይቀንሳል። የታችኛውን ሽፋሽፍት በሙቀት ወራት ባዶ መተው ይሻላል። ቀልጦ የወረደ ኩል ጠዋት የተሸፈነውን ከሰዓት በኋላ መልሶ ያጠቁረዋልና።